ሳተላይቱ በሚያልፍበት ሰዓት፦ ከደቻቱ እስከ ሐሮማያ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

አንደኛ ቀን፣ ድሬዳዋ

ድሬዳዋ የገባሁት ጥቅምት በባተ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ወሩን የመረጥኩት ለአየሩ ምቾት ብዬ ሳይሆን፣ ክረምቱ ሲወጣ ደመናው ስለሚገፈፍና ጎርፍ ከደጋው እርሻ ጠርጎ ወደ ሐይቆቹ ያስገባው አፈርና ማዳበሪያ ገና በውኃው ውስጥ ስላለ፣ የውኃን ብክለት ከሕዋ ለማየት ይህ ጊዜ የተሻለ በመሆኑ ነው። ሥራዬ የሳተላይት ምስል መተርጎም ነው። የተወለድኩባትን ከተማና ከበላይዋ ያሉትን የሐረርጌ ሐይቆች ለዓመታት በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ሳያቸው ኖሬያለሁ፤ ውኃው መቼ አረንጓዴ እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚደፈርስ፣ ከየትኛው ዳርቻ እንደሚሸሽ በቀለም ካርታ አውጥቻለሁ። ይሁንና ከካርታዎቼ አንዱን እንኳ ውኃው ላይ ቆሜ፣ ውኃውን በጠርሙስ ቀድቼ አላረጋገጥኩም ነበር። ይህ ጉዞ ያንን ዕዳ ለመክፈል የታሰበ ነው።

ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በረድ ሲል ከከዚራ ተነሥቼ ወደ ደቻቱ ወረድኩ። ደቻቱ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ አይታይበትም፤ ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ የሚከፍል ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። ሰው ያቋርጥበታል፣ ከብት ይነዳበታል፣ አሸዋ ይጫንበታል፣ ቆሻሻም ይጣልበታል። በላይኞቹ ተራሮች ላይ ሲዘንብ ግን ያው አሸዋ በደቂቃዎች ውስጥ ወንዝ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል፤ ዛሬም ሰማዩ በደንገጎ በኩል ሲጠቁር የድሬ ሰው ቀና ብሎ ሳያይ አያልፍም።

ከድልድዩ በታች አንዲት እናት አሸዋውን ጭረው ባወጡት ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ በጣሳ እየቀዱ ልብስ ያጥባሉ። ከእሳቸው አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ከቦይ የሚወርድ ግራጫ ውኃ ተኝቶ ኩሬ ሠርቷል፤ ዳር ዳሩ ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ መካከሉ ላይ ፌስታልና የጫማ ሶል ይንሳፈፋል። «እናቴ፣ ይህ ውኃ ይጠጣል እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ኧረ አይጠጣም አቦ፣ ለልብስ ነው» አሉኝ፤ ቀጥለውም «ከብቱ ግን ይጠጣዋል፣ ከብት ምን ያውቃል» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ኩሬውን በእርምጃ ለካሁት፤ በረዥሙ በኩል አራት እርምጃ አይሞላም። የምጠቀምበት ሴንቲኔል-2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት በጣም ጥርት አድርጎ በሚያይባቸው ባንዶች (ለይቶ በሚያያቸው የብርሃን ክፍሎች) አንዷ ፒክስሉ፣ ማለትም የምስሉ ትንሿ ነጥብ፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ይህ መቶ ካሬ ሜትር ማለት ነው፤ በእኛ ሰፈር አንድ መለስተኛ ግቢ። በዚያች ፒክስል ውስጥ ኩሬውም፣ አሸዋውም፣ ፌስታሉም፣ የሚያጥቡት እናትም ተደባልቀው አንድ ቀለም ይሆናሉ፤ ያም ቀለም የአሸዋ ቀለም ነው። ስለዚህ ደቻቱ ውስጥ ያለውን ብክለት ነጻ በሚገኝ የሳተላይት ምስል እከታተላለሁ የሚል ባለሙያ ቢመጣ፣ ይህችን ኩሬ አሳየዋለሁ። ይህን የምጽፈው መሣሪያውን ለማሳነስ አይደለም፤ የት እንደሚሠራ ለማወቅ መጀመሪያ የት እንደማይሠራ በእግር ሄዶ ማየት ይገባል ብዬ ስለማምን ነው።

ሁለተኛ ቀን፣ ሳቢያን

ጠዋት እናቴ ቤት ሻይ ሲፈላ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ከፍቼ ወደ ውስጥ ተመለከትኩ። ግድግዳው በነጭ ቅርፊት ተሸፍኗል፤ በማንኪያ ጫፍ ስነካው እንደ እንቁላል ልጣጭ ስንጥር ብሎ ረገፈ። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውኃ ነው፤ ውኃው የኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ካልሲየሙን ይዞ ይወጣል፣ ሲፈላም ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። እናቴ በየወሩ በሎሚ ታጥበዋለች። እሱ ለዓይን የሚታይ ነው፤ ጉዳቱም ለማንቆርቆሪያው እንጂ ለሰው ያን ያህል አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው።

አጎቴ በጡረታ እስኪወጣ ድረስ በፓምፕ ሥራ የኖረ ሰው ነው። ከእሱ ጋር በባጃጅ ወደ ሳቢያን ሄድን። አካባቢው ለከተማዋ ዋና ዋና ጉድጓዶች መገኛ ሆኖ ቆይቷል፤ ዛሬ ግን ጉድጓዶቹንና ቤቶቹን የሚለያቸው ርቀት ብዙ አይደለም። «እኛ ስንቀጠር እዚህ ቁጥቋጦ ነበር፤ ማታ ብቻህን አትመጣም» አለኝ አጎቴ፣ በአንድ እጁ ኮፍያውን ይዞ በሌላው ዙሪያውን እያሳየኝ። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውኃ ናይትሬት እንዳለበት የውኃ ባለሙያዎች ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ሲጽፉ ኖረዋል፤ ከምክንያቶቹ ዋነኛው ከተማዋ የተዘረጋ የፍሳሽ መስመር ስለሌላት በየቤቱ የሚቆፈረው የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። አሸዋውና የተሰነጣጠቀው ድንጋይ ዝናቡን በቶሎ እንደሚያሰርገው ሁሉ፣ ከመጸዳጃው የሚወጣውንም በቶሎ ያሰርገዋል።

አንዲት የአጎቴ ጎረቤት ከግቢያቸው በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ በባልዲ ቀድተው ሰጡን። ውኃው በመስታወት ብርጭቆ ውስጥ ሲቀመጥ ከታሸገ ውኃ የሚለየው ነገር የለም፤ ጥርት ያለ፣ ሽታ የሌለው፣ ለአፍም ቀዝቃዛ። የመመርመሪያውን ወረቀት ነክሬ አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ። ጫፉ መጀመሪያ ፈካ ያለ ሮዝ፣ ከዚያ ወደ ቀይ የሚጠጋ ሮዝ ሆነ፤ ከዕቃው ጋር ከመጣው የቀለም ሠንጠረዥ ጋር ሳስተያየው የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 50 ሚሊ ግራም ብሎ ያስቀመጠውን ወሰን አልፏል። ይህ ወሰን የተቀመጠው በተለይ በጡጦ የሚመገቡ ጨቅላ ሕፃናትን ለመጠበቅ ነው፤ ናይትሬት በሰውነታቸው ውስጥ ተለውጦ ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋልና። ለሴትዮዋ ወረቀቱን አሳይቼ፣ በዚህ ውኃ ለሕፃን ወተት እንዳይበጠበጥ፣ ማፍላትም ናይትሬትን እንደማያጠፋ፣ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረውን እንደሚያከረው ነገርኳቸው። «እኛ ካፈላነው ይጸዳል ብለን…» ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ።

ናይትሬት በውኃ ውስጥ ሲሟሟ ቀለም የለውም፤ ብርሃን የሚውጠውም ዓይናችንም ሆነ እነዚህ ሳተላይቶች በማያዩት የአልትራቫዮሌት ክፍል ነው። በዚያ ላይ ውኃው ከመሬት በታች ነው። ሳተላይት ሊረዳ የሚችለው ምክንያቱን በመከታተል ነው፦ ቤቶች በየትኛው ዓመት ወደ የትኛው ጉድጓድ እንደተጠጉ፣ ከደጋው የሚወርደው ዝናብ የሚሰርግበት የተራራ ሥር መሬት ምን ያህሉ እንደተሸፈነ ከምስል ማውጣት ይቻላል። እኔ የ2016ንና የቅርቡን (በፈረንጆች አቆጣጠር) ምስል ጎን ለጎን በስልኬ ይዤ ነበርና ለአጎቴ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ካየ በኋላ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳርፎ «ይህችን ጉድጓድ እኔ ነኝ ያስነሣኋት» አለ። በምስሉ ላይ ጉድጓዷ አትታይም፤ የከበቧት የቆርቆሮ ጣሪያዎች ግን ያብረቀርቃሉ።

ሦስተኛ ቀን፣ የደንገጎ ዳገት

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ያለው መንገድ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ 2,000 ሜትር ይወጣል፤ ሙቀቱ በየኩርባው ይቀንሳል፣ ከሚኒባሱ ውስጥም ሰው አንድ በአንድ መስኮት ይዘጋል። ከላይ ሲደረስ አዴሌ፣ ከዚያ ሐሮማያ፣ ባቴ፣ አወዳይ እያለ መንገዱ ሐረር ይገባል።

የዚህ መንገድ አንድ ባሕርይ መንገደኛ አያውቀውም፤ ካርታ ሠሪ ግን ሊዘነጋው አይገባም። የ42 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ መስመር በድሬዳዋና በሐረር መካከል፣ ከሐሮማያ አጠገብ ያልፋል፤ ምድርን በዞን እየከፈለ በሚቆጥረው ዩቲኤም በተባለው የካርታ አሠራር ደግሞ ይህ መስመር የ37ኛው ዞን ማብቂያና የ38ኛው ዞን መጀመሪያ ነው። ድሬዳዋን በ37 የጀመረ ሰው ሐረርን በ38 ካልቀጠለ፣ የመዘገበው ነጥብ ሁሉ ከቦታው በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ይወድቃል። ይህን ስለማውቅ በጂፒኤሱ ላይ ዞኑን ደጋግሜ አየሁ፤ ዞኑን ብቻ ማየቴ ግን በቂ እንዳልነበረ በኋላ ተረዳሁ።

አዴሌ ላይ ወርጄ ሐይቁን ከመንገድ ዳር ቆሜ አየሁት፤ ከዚያ ወደ ሐረር ቀጠልኩ። ማታ ብርዱ ከድሬ ሙቀት ለመጣ ሰው በጥቅምት አንድ አጥንት የሚያሰኝ ነበር።

አራተኛ ቀን፣ ሐሮማያ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሣሁ። ሴንቲኔል-2 በየአምስት ቀኑ ይህን አካባቢ ፎቶ ያነሣል፤ ሁልጊዜም የሚያልፈው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው፤ ዛሬ ተራው ነበር። ናሙናውን ሳተላይቱ በሚያልፍበት ሰዓት ወይም በዚያ አቅራቢያ ካልቀዱት፣ ምስሉና ጠርሙሱ ስለ ሁለት የተለያዩ ውኃዎች ይናገራሉ፤ ትንሽ ሐይቅ በአንድ ከሰዓት ነፋስ ብቻ ታችኛው ላይ፣ ላይኛው ታች ይሆናልና።

ሐሮማያ ስደርስ ጉም ገና አልተነሣም ነበር። ዳርቻው ላይ ከጫቱና ከድንቹ ማሳ መካከል የሞተር ፓምፖች ይንተከተካሉ፤ ሰማያዊ የጎማ ቱቦዎች ከውኃው ወጥተው በእርሻው መካከል እንደ እባብ ተጋድመዋል። ጀልባ የሚቀዝፈው ወጣት ትናንት በስልክ ተስማምተን ስለነበር ጀልባውን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ዕቃውን ስንጭን አንድ አዛውንት ገበሬ ቀርበው ምን እንደምናደርግ በኦሮምኛ ጠየቁ፤ ወጣቱ አስረዳቸው። እሳቸውም በአማርኛ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ አሁን ይህ ጀልባ የቆመበት ላይ ልጆች ኳስ ሲራገጡ አይቻለሁ» አሉኝ። «እኔ ራሴም እዚያ ላይ ድንች ተክያለሁ» ብለው ወደ ሐይቁ መካከል ጠቆሙ።

እውነታቸውን ነው። ሐሮማያ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ለረጅም ዓመታት ሲሰጥ የኖረ ሐይቅ ነበር፤ ለከተሞች በሚገፋው ውኃ፣ በዙሪያው በሚሳበው መስኖ፣ ከተራቆተው ተዳፋት በሚገባው ደለልና በትነት ተዳክሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ደረቀ። ሐይቁ ለዓመታት ባዶ ሜዳ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ በተፋሰሱ በተሠራው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራና በመልካም ዝናብ ታግዞ ተመልሷል። የተመለሰ ሐይቅ ግን ጤነኛ ሐይቅ ነው ማለት አይደለም፤ የመጣሁበትም ጥያቄ ይኸው ነው። በውስጡ የሚኖረው አፈርና ማዳበሪያ ሳይቀንስ ውኃው ብቻ ከተመለሰ፣ አልጌ የሚወደው ዓይነት ጥልቀት የሌለው፣ ሞቅ ያለና የጠገበ ኩሬ ይሆናል።

ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዘጠኝ ነጥቦች ላይ ቆምን። በእያንዳንዱ ነጥብ መጀመሪያ የማደርገው የሴኪ ሰሃንን ማውረድ ነው። ይህ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሰሃን ነው፤ አንጄሎ ሴኪ የተባሉ ጣሊያናዊ ካህንና የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1865 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በባሕር ላይ ከሞከሩት ወዲህ ዓለም ሲሠራበት ኖሯል። በገመድ ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ከዓይን የጠፋበት ጥልቀት ይመዘገባል፤ ሌላ ምንም የለውም። በሐይቁ መካከል ሰሃኑ ሦስት ስንዝር ያህል ወረደ። ጎርፉ በሚገባበት በኩል ግን ጥቁሩ ክፍል ወዲያው ጠፋ፣ ነጩ አንድ አፍታ እንደ ደበዘዘ ጨረቃ ታየና ሁለት ስንዝር ሳይሞላ እሱም ጠፋ። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ትናንት ከዚህ ይብስ ነበር፣ ነፋስ ነበረ» አለኝ። ሰሃኑን ሰጥቼው እንዲለካ ጠየቅኩት፤ የእሱ ልኬት ከእኔ በሁለት ጣት ብቻ ተለየ።

ከዚያ ውኃውን ከገጹ ዝቅ ብሎ በጥቁር ጠርሙስ እቀዳለሁ። በበረዶ ሳጥን ውስጥ ከብርሃን ተከልሎ ካልተቀመጠ ውስጡ ያለው አልጌ መኖሩን ይቀጥላል፤ ይራባል ወይም ይሞታል፣ ልኬቱም ይዛባል። በአንደኛው ጠርሙስ ውስጥ ውኃውን ወደ ፀሐይ አንሥቼ ስመለከተው፣ የተፈጨ የሻይ ቅጠል የሚመስሉ አረንጓዴ ቅንጣቶች ቀስ ብለው ወደ ላይ ይወጡ ነበር። ወደ ታች የሚሰጥም ደለል ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣው ሕይወት ያለው ነገር ነው።

ሳተላይቱ ይህን የሚለይበትን መንገድ ለወጣቱ በጀልባው ላይ ለማስረዳት ሞከርኩ። ለአልጌ አረንጓዴነቱን የሚሰጠው ክሎሮፊል ቀይ ብርሃንን፣ በተለይ 665 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን፣ ይውጣል፤ ትንሽ ወዲያ፣ 705 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለው ብርሃን ግን አልጌ ከበዛበት ውኃ ተመልሶ ይወጣል። ሴንቲኔል-2 ለሁለቱም የተለያየ ባንድ አለው። የሁለቱን ልዩነት ለድምራቸው ስናካፍል የሚገኘው ቁጥር ከዜሮ በላይ እየወጣ ከሄደ አልጌው እየበዛ ነው። ደለል ደግሞ በቀዩ ባንድ ራሱ ውኃውን ያበራዋል። «ታዲያ መድኃኒቱንስ ያየዋል?» አለኝ ወጣቱ፤ ለጫቱ የሚረጨውን ፀረ ተባይ ማለቱ ነው። አያየውም አልኩት። የሚረጨው መድኃኒትም፣ ከከብትና ከሰው የሚገባው ተሕዋስም፣ ናይትሬቱም ለሳተላይት ዓይን ስውር ናቸው። ሳተላይት የሚለካው ቀለም ነው፤ መርዝ ሁሉ ደግሞ ቀለም የለውም። ወጣቱ ራሱን ነቅንቆ ቀዘፋውን ቀጠለ፤ ጥያቄው ግን ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ቀረ፤ በዚህ አካባቢ ሰው በጣም የሚፈራውን ነገር ነበርና የጠየቀኝ።

4 ሰዓት ከ40 ሲሆን ሰባተኛው ነጥብ ላይ ነበርን። ቀዘፋውን አቆመ። ሳተላይቱ በ786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ስለሚበር በቀን ብርሃን አይታይም፤ እኛ ግን ሁለታችንም ቀና ብለን አየን። ጉሙ ተገፏል፤ ከቁንዱዶ ተራራ በኩል ጥቂት የደመና ጉንጉን ብቻ ነበር። ውኃው ላይ ነፋስ አልነበረም፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ውኃ በነፋስ ሲሸበሸብ የፀሐይ ነጸብራቅ ወደ ላይ ይመለስና ከውኃው ውስጥ የሚወጣውን ደካማ ብርሃን ይሸፍነዋል። ጥቁር የሚመስል ውኃ ወደ ሳተላይቱ ከሚደርሰው ብርሃን ብዙ ጊዜ ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አያዋጣም፤ የቀረው አየሩ በትኖ የሚልከው ነው። የእኛ ሥራ ግማሹ ያንን የአየር ብርሃን ቀንሶ የውኃውን ብቻ ማስቀረት ነው።

ስንመለስ ሰሃኑን ለወጣቱ ትቼለት ሄድኩ። ገመዱ ላይ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ ቋጠሮ አሠርኩበት፣ የሚቀጥሉትን ሳተላይቱ የሚያልፍባቸውን ቀናትም በወረቀት ጻፍኩለት። አስገድጄው አልነበረም፤ እሱ ነው «ተወው፣ እኔ እለካልሃለሁ ወንድሜ» ያለኝ።

አምስተኛ ቀን፣ ሐረር

ቀኑን በማጣራት አሳለፍኩ። ውኃው ከመስታወት ክር በተሠራ ቀጭን የማጣሪያ ወረቀት ውስጥ በእጅ ፓምፕ ይሳባል፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው አልጌ በፎይል ተጠቅልሎ ይቀዘቅዛል፤ በኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ በአሴቶን ክሎሮፊሉ ይወጣና በብርሃን ይለካል። የሐይቁ መካከል ውኃ ወረቀቱን ፈዛዛ ቢጫ አደረገው፤ ጎርፍ ከሚገባበት በኩል የመጣው ጥቁር አረንጓዴ አድርጎት ግማሽ ሊትር ሳይሞላ ደፈነው።

ያረፍኩበት ቤት ጁገል ውስጥ፣ ከሸዋ በር ብዙ የማይርቅ ነው። ጣሪያው ላይ ሮቶ፣ ግቢው ውስጥ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሐይቁ ከደረቀ ወዲህ ሐረር የምትጠጣው ከድሬዳዋ አቅጣጫ ካለው ቆላ በረጅም ቧንቧ ዳገቱን እየተገፋ ከሚመጣ የጉድጓድ ውኃ ነው። የቤቱ እመቤት «ድሮ የአለማያን ውኃ ስንጠጣ ሻይ ይጣፍጥ ነበር» አሉኝ። ሐሮማያን በድሮ ስሙ ነው የሚጠሩት።

ማታ የሐይቁን የቆዩ ምስሎች አንድ በአንድ ከፈትኩ። የአሜሪካው ላንድሳት ከ1972 ጀምሮ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ምድርን ሲያነሣ ቆይቷል፤ ከ2008 ወዲህም ክምችቱ ለማንም በነጻ ተከፍቷል። በዚያው አቆጣጠር በ1980ዎቹ ምስል ሐይቁ ሰፊ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ በየዓመቱ ከዳር ዳር እየነጣ፣ እየቀጠነ ይሄዳል። በጣም የሚያሳዝነኝ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው። ላንድሳት 7 በግንቦት 2003 (በፈረንጆች አቆጣጠር) አንድ የመስተዋት ክፍሉ ተበላሽቶበት ስለነበር ከዚያ ወዲህ የተነሡት ምስሎች ሁሉ በጥቁር ሰንበር የተከፋፈሉ ናቸው፤ ሐሮማያ የሚሞትበት ጊዜ በእነዚያ ሰንበሮች መካከል በቁርጥራጭ ነው የሚታየው። እንዲያም ሆኖ ለሚያይ ሰው ይታይ ነበር። የሚያየው ሰው ግን በዚያን ጊዜ በእኛ አገር ምስሉን የማግኘት አቅም አልነበረውም፤ የአንድ ምስል ዋጋ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነበር። ዛሬ ምስሉ በነጻ ነው፤ ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት አምጥቃለች። ስለዚህ ሐሮማያ ዳግም ቢታመም አላየንም ልንል አንችልም።

ስድስተኛ ቀን፣ ወደ ድሬዳዋ

ምስሉ በማግስቱ ወጥቶ ነበር። ድሬዳዋ እናቴ ቤት እንደደረስኩ ላፕቶፔን ከፍቼ አወረድኩትና ዘጠኙን ነጥቦች ላዩ ላይ አሳረፍኳቸው። ሦስቱ ጫት ማሳ ላይ ወደቁ።

መጀመሪያ ምስሉን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ዞኑን፤ ዞኑ ትክክል ነበር። ነጥቦቹ ሁሉ አንድ ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ከ200 ሜትር በላይ ተንሸራተዋል። ጂፒኤሱን ያገኘሁት በውሰት ነው፤ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ከድሮዎቹ የወረቀት ካርታዎች ጋር ሲሠራበት ቆይቶ መነሻ ልኬቱን (የቦታ ቁጥሮች የሚነሡበትን መሠረት) አዲንዳን በሚባለው ላይ ትቶታል። የኢትዮጵያ የቆዩ ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ነው፤ ሳተላይቶቹ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ይጠቀማሉ፤ የሁለቱ ልዩነት በእኛ አገር ከ200 ሜትር ያልፋል። ይህን ከመነሣቴ በፊት መፈተሽ የእኔ ሥራ ነበር፣ አልፈተሽኩም። በውቅያኖስ ላይ ለሚሠራ ሰው 200 ሜትር ምንም ላይሆን ይችላል፤ እንደ ሐሮማያ ባለ ሐይቅ ላይ ግን ውኃና ጫት ማለት ነው። ልዩነቱን አስልቼ ነጥቦቹን ወደ ቦታቸው መለስኳቸው።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ደስ አሰኝቶኛል። ሰሃኑ ቶሎ በጠፋበት፣ ወረቀቱ ጥቁር አረንጓዴ በሆነበት በኩል የአልጌው መለኪያ ከዜሮ በላይ ነው፤ በመካከሉ ከዜሮ በታች። የውኃው ቀለም በምስል ላይ የተናገረውና በእጄ የቀዳሁት ተስማሙ። ለዳርቻው የቀረቡትን ሁለት ነጥቦች ግን አውጥቻቸዋለሁ፤ እነሱም የምፈልገውን ነበር የሚሉት። ዳር ላይ ያለ ፒክስል ከውኃው ጋር የጎረቤቱን የጫት ቅጠል ብርሃን ይዞ ይመጣል፣ ቅጠል ደግሞ ክሎሮፊል ነው፤ ስለዚህ አረንጓዴነቱ የሐይቁ ይሁን የማሳው መለየት አልችልም። ሰባት ነጥብ ይዞ እውነት መናገር፣ ዘጠኝ ይዞ ከመገመት ይሻላል።

የጉድጓዱን ውኃ ቀድተው የሰጡን ሴትዮ ለሕፃን ከቧንቧ ውኃ መቅዳት እንደጀመሩ አጎቴ ነገረኝ። የቧንቧውንም በሚመጣው ወር በወረቀቱ እንድንለካ ተስማምተናል።

ዘጠነኛ ቀን፣ ድሬዳዋ

የሳተላይቱ ተራ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩን ሳይ ነበር፤ ድሬ ጠርታለች፣ የደንገጎ ጫፍ ግን በደመና ተጠቅልሏል። ከአራት ሰዓት በፊት ሐሮማያ ላይ ምስል እንደማይኖር አውቄያለሁ፤ የሚገኘው ነጭ ደመና ብቻ ነው። ለወጣቱ ደውዬ ዛሬ አትልፋ ልለው አስቤ ስልኩ አልተያዘም።

4 ሰዓት ከ50 ላይ እሱ ራሱ ደወለ። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ያፏጫል። «ጎርፍ በሚገባበት በኩል አሥራ ዘጠኝ፣ መካከል ላይ ሠላሳ አንድ ሴንቲ ሜትር» አለኝ፤ «ሰማዩ ተዘግቷል፣ እኔ ግን ለካሁ።» ቁጥሮቹን ከቀኑ ጋር ጻፍኳቸው፤ በምስሉ ዓምድ ላይ «ደመና» ብዬ ሞላሁ።